በባሕር የሄደ፣ በቪዛ የሄደ

ነፋስ መውጫ ከወልድያ ወረታ በሚዘልቀው መንገድ ላይ ናት። በምሥራቅ በኩል ወልድያ ወርዶ አፋርን አቋርጦ ጅቡቲ፣ በምዕራብ በኩል በጎንደር አድርጎ መተማ ይኬድበታል። ለጋይንት፣ ለስማዳና ለእስቴ ወጣት ስደት በሁለቱም በኩል ቅርብ ነው። ስለ ስደት ሕግ የሚወራው ግን ብዙውን ጊዜ ከሕጉ ጋር አይገጥምም።

«ሕገወጥ ማለት በባሕር የሄደ ነው»

እሱ ብቻ አይደለም። ውል ፈርማ በቦሌ የወጣች ልጅም ሪያድ ላይ ሕገወጥ ልትሆን ትችላለች። ኢቃማዋ (የመኖሪያ ፈቃዷ) ከከፊሉ፣ ማለትም ዋስ ከሆናት አሠሪዋ ጋር የተሳሰረ ነው። ደመወዝ ተከልክላ ወይም ተደብድባ ከቤቱ ብትወጣ፣ ከፊሉ «ጠፋች» ብሎ ያመለከተ ዕለት ፈቃዷ አደጋ ላይ ይወድቃል። ከዚያ በኋላ ሹርጣ (ፖሊስ) ሲይዛት፣ በየመን በረሃ ከገባው ወንድሟ እምብዛም አትለይም።

«የሄደ ሁሉ ወንጀለኛ ነው»

በእኛ ሕግ እንዲህ አይባልም። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 32 ኢትዮጵያዊ በፈለገ ጊዜ ከአገር የመውጣት ነፃነት እንዳለው ይደነግጋል። ኢትዮጵያ በ2004 የተቀበለችው የተባበሩት መንግሥታት ፕሮቶኮልም በአሻጋሪ የተሻገረ ሰው በመሻገሩ ብቻ በፕሮቶኮሉ መሠረት በወንጀል እንዳይከሰስ ይላል። አዋጅ 1178/2012 ያነጣጠረው በሰው በሚነግደውና ድንበር በሚያሻግረው ላይ ነው። ይህን የማያውቅ ተመላሽ ፖሊስ ሲያይ ይደበቃል፤ ደላላው ደግሞ ምስክር አጥቶ ገበያ መሐል ይንጎራደዳል።

ሳዑዲ በራሷ ሕግ ያለ ፈቃድ የገባውን ታስራለች፣ ትመልሳለች፤ ይህን ብዙ አገር ያደርገዋል። ድንበር ላይ መተኮስ ግን ሌላ ነገር ነው። ሂውማን ራይትስ ዎች በነሐሴ 2015 ባወጣው ዘገባ የሳዑዲ ድንበር ጠባቂዎች በመቶዎች የሚቆጠሩ ኢትዮጵያውያንን ገድለዋል ብሏል። ሳዑዲ አስተባብላለች።

«ማገድና ማባረር ያስቆመዋል»

ተሞክሯል። በጥቅምት 2006 መንግሥት ወደ መካከለኛው ምሥራቅ የሚደረገውን የሥራ ጉዞ አገደ። በዚያው ሰሞን ሳዑዲ አፈሳ ጀምራ በጥቂት ወራት ከ160 ሺህ በላይ ኢትዮጵያውያንን መለሰች። እገዳው እስከ 2010 ቆየ። ከ2009 እስከ 2014 ደግሞ ከ350 ሺህ በላይ ሰው ከሳዑዲ ተመለሰ። እገዳው የዘጋው ኤጀንሲውን ነው፤ ደላላው ፈቃድ ስለሌለው የሚነጠቀውም አልነበረውም።

የሚረሳው እዳው ነው። የመን ላይ አጋቾች ማስለቀቂያ ሲጠይቁ ቤተሰብ በሬ ይሸጣል፣ አራጣ ይበደራል። ልጁ ባዶ እጁን ሲባረር እዳው ቤት ቁጭ ብሎ ይጠብቀዋል። በቀን ሥራ የማይከፈል ከሆነ ተመልሶ መንገድ ይገባል። እኔ እንደሚመስለኝ፣ የማባረርን ውጤት በአውሮፕላን ብዛት የሚለካ ሰው ይህን ሒሳብ አልሠራውም።

«ሕጋዊው መንገድ ለድሃ አይቀመስም»

በ2008 የወጣው አዋጅ 923 የቪዛውን፣ የደርሶ መልስ ቲኬቱን፣ የሥራና የመኖሪያ ፈቃዱን ወጪ በአሠሪው ላይ ጥሏል። ሠራተኛው የሚከፍለው ለፓስፖርት፣ ለሕክምና ምርመራና ለመሳሰሉት ነው። «የቲኬት አምጪ» የሚል ሰው ከመጣ መጠርጠር ይገባል።

ነገር ግን የተከፈተው በር በአብዛኛው ለቤት ሠራተኛ ሴቶች ነው። ሰሊጥ ሊያርም መተማ ለሚወርደው የስማዳ ጎረምሳ በኤጀንሲ የሚገኘው ሥራ ጥቂት ነው። «በሕጋዊ መንገድ ሂድ» የሚለው ምክር ለእኅቱ እንጂ ለእሱ ገና ብዙ አይሠራም።