ከላይብረሪ አፕዴት በኋላ ባክአፑ ሲወድቅ፦ ተረትና እውነታ

ሊኑክስ ማሽኑ ማታ አፕዴት ተደርጎ ያድራል። ጠዋት የባክአፕ ፕሮግራሙን ሲከፍቱት መስኮቱ ብልጭ ብሎ ይጠፋል። ከዚህ በኋላ በጥድፊያ የሚደረገው ነገር ብዙ ጊዜ ከክራሹ የባሰ ጉዳት ያደርሳል፤ ከሰው ወደ ሰው የሚተላለፉት መፍትሔዎች ግማሽ እውነት ናቸውና።

መጀመሪያ የሚሰማው «ፕሮግራሙ ከወደቀ ባክአፑም አብሮ ሄዷል» የሚለው ነው። ይህ ስህተት ነው። የምናየው መስኮትና ሥራውን የሚሠራው ክፍል የተለያዩ ናቸው። ታይምሺፍት የተባለው ፕሮግራም ከጀርባው የፋይል ቀጂውን አርሲንክን ወይም የፋይል ሥርዓቱን የቢቲአርኤፍኤስን ስናፕሾት ያሠራል፤ ዴጃ ዱፕም ለዓመታት የተደገፈው በዱፕሊሲቲ ላይ ነው። መስኮቱን የሚስለው ላይብረሪ ተቀይሮ መስኮቱ ባይከፈት፣ የውስጡን ሞተር ከተርሚናል ማስነሳት ይቻላል። ታይምሺፍት በአርሲንክ ያስቀመጠው ቅጂማ ተራ ፋይልና ፎልደር ስለሆነ፣ ፕሮግራሙ ጨርሶ ባይኖርም ይነበባል። ቦርግ የተባለው የባክአፕ ፕሮግራም ሥራ መሃል ቢቋረጥ ቀድሞ የተጠናቀቁትን ቅጂዎች አይነካም፤ ትቶት የሚሄደው መቆለፊያ ነው። ያን መቆለፊያ ከመስበር በፊት ግን በዚያው ማከማቻ ላይ የሚጽፍ ሌላ ቦርግ እየሠራ አለመሆኑን ማረጋገጥ ግድ ነው። ሁለቱ በአንድ ጊዜ ከጻፉ ባክአፑ በእርግጥ ሊበላሽ ይችላል።

«ክራሽ ክራሽ ነው» የሚለውም መንገድ ያስታል። ፕሮግራሙን ከተርሚናል አስነሱትና የሚለውን አንብቡ። የላይብረሪው ፋይል አልተገኘም ብሎ በመውጫ ቁጥር 127 ከወጣ ገና ሥራ አልጀመረም፤ የሚፈልገው ስም ማሽኑ ላይ የለም ማለት ነው። ኦፕንኤስኤስኤል 3.0 በ2021 እ.ኤ.አ. ሲወጣ የላይብረሪው ቁጥር ከ1.1 ወደ 3 ተሻገረ። ኡቡንቱ 22.04 አዲሱን ብቻ ይዞ ሲመጣ፣ ለ1.1 የተገነቡ የውጭ ፕሮግራሞች እንዲህ ቆመው ቀሩ። በ139 ከወጣ ግን ጉዳዩ ሌላ ነው። ፕሮግራሙ ተነስቷል፣ ከዚያ ያልተፈቀደለትን ሚሞሪ ነክቶ ከርነሉ ገድሎታል። ያኔ ኮርዳምፕሲቲኤል የሚባለው ትእዛዝ፣ ማሽኑ ላይ ካለ፣ በየትኛው ላይብረሪ ውስጥ እንደወደቀ ያሳያል። በፓይተን የተጻፉት ደግሞ በሦስተኛ መልክ ይወድቃሉ። ፓይተን 3.12 ዲስትዩቲልስ የተባለውን ሞጁል አስወግዷል፤ እሱን የሚጠራ አሮጌ ኮድ ረጅም የስህተት ዝርዝር አውጥቶ ይቆማል።

አሁን ወደ አደገኛው ምክር እንምጣ፦ «አዲሱን ላይብረሪ በአሮጌው ስም ሲምሊንክ አድርግለት፣ ይሠራል።» አንዳንዴ በእርግጥ ይሠራል፤ ጉዳቱም ከዚህ ይጀምራል። በላይብረሪው ስም መጨረሻ ያለው ቁጥር ለጌጥ የተቀመጠ አይደለም። አዘጋጆቹ ቁጥሩን የሚለውጡት ለቀድሞው የተገነባ ፕሮግራም ከአዲሱ ጋር አይግባባም ለማለት ነው። የፈንክሽኖች አጠራር ተለውጧል፤ ወይም መረጃ በሚሞሪ ውስጥ የሚቀመጥበት ቅርጽ ተለውጧል። ፕሮግራሙ ሲነሳ ላይብረሪዎቹን የሚያመጣለት ጫኚ ላይብረሪውን የሚፈልገው በስሙ ነው። የስሪት ምልክት ካልተጻፈበት በቀር ስሙ ከገጠመለት ይጭነዋል። አንድ መዋቅር በ8 ባይት ቢሰፋ፣ ፕሮግራሙ የፋይሉ መጠን ነው ብሎ የሚያነበው ቁጥር ሌላ ነገር ሊሆን ይችላል። ዕድል ካለ ወዲያው ይወድቃል። ዕድል ከሌለ ሥራውን በሰላም ጨርሶ የተበላሸ ቅጂ ያስቀምጣል፣ ባለቤቱም የሚያውቀው ዲስኩ በሞተ ቀን ነው። ፎቶ ማሳያ ላይ እንዲህ ያለ ሙከራ ቢደረግ ብዙም አይከፋም። ባክአፕ ላይ ግን ጮሆ የሚወድቅ ፕሮግራም ዝም ብሎ ከሚሳሳት እጅግ ይሻላል። ትክክለኛው መንገድ ፕሮግራሙን ለአዲሱ ላይብረሪ ተገንብቶ በወጣው መተካት ነው። እንደ ኡቡንቱ ያለው የሊኑክስ ስርጭት በራሱ ማከማቻ ያሉትን ፓኬጆች እንደገና ይገነባል፤ ከውጭ የመጡት ግን ብቻቸውን ወደኋላ ይቀራሉ። ስለዚህ ምርመራው ከነሱ ይጀምር።

«ጥፋተኛው አፕዴቱ ነው» ሲባልም ትንሽ ቆም ማለት ያስፈልጋል። በ2010 እ.ኤ.አ. ፌዶራ 14 የተባለው የሊኑክስ ስርጭት ሲወጣ የ64 ቢቱ ፍላሽ ማጫወቻ ድምፅ ተዛባ። የሲ ላይብረሪው ጂሊብሲ ውስጥ ያለው የመቅጃ ፈንክሽን ሜምሲፒዋይ ለፍጥነት ሲባል መረጃን ከኋላ ወደ ፊት መቅዳት ጀምሮ ነበር። ሕጉ መነሻውና መድረሻው እንዳይደራረቡ ያዛል፤ ፍላሽ ደግሞ ሕጉን ሲጥስ የኖረ ነው። አፕዴቱ የተደበቀውን ስህተት ገለጠው። የሊኑክስ ከርነል ጀማሪ ሊነስ ቶርቫልድስ ግን በክርክሩ ገብቶ፣ ተጠቃሚው ዘንድ ሲሠራ የነበረን ነገር ማበላሸት ተገቢ አይደለም አለ። ጂሊብሲ 2.14 ለአሮጌ ፕሮግራሞች የቀድሞውን ጠባይ የሚጠብቅ ስሪት ለይቶ አስቀመጠ። እኔ ሁለቱም ወገኖች እውነት ነበራቸው እላለሁ፤ የስህተት ሪፖርት ስንጽፍም ለፕሮግራሙም ለላይብረሪውም ቦታ መተው ያለብን ለዚህ ነው።

አራግፎ መጫን? ያው ፓኬጅ ከዚያው ላይብረሪ ጋር ተመልሶ ይገናኛል፤ ፋይሉ ራሱ ካልተበላሸ በቀር ለውጥ የለውም።

«አፕዴቱ ያለፈው ሳምንት ነው፣ ክራሹ ዛሬ፤ አይገናኙም» የሚሉም አሉ። ይገናኛሉ። እየሠራ ያለ ፕሮግራም አሮጌውን ላይብረሪ በሚሞሪ ይዞ ይቀጥላል፤ ፋይሉ ከዲስክ ቢተካም እስኪዘጋ ድረስ አይለቀውም። አዲሱን የሚያገኘው ዳግም ሲነሳ ነው። ስለዚህ የፓኬጅ አስተዳዳሪውን የአፕትን ወይም የፓክማንን የታሪክ ሎግ ስትከፍቱ ፕሮግራሙ ካለፈው መነሳቱ ወዲህ ያለውን ሁሉ ተመልከቱ። መብራት በሚቆራረጥበት ቦታ ደግሞ ሌላም ጥርጣሬ አለ። አፕት መጀመሪያ አውርዶ ስለሚጨርስ ኢንተርኔት ቢቋረጥ ብዙም አይጎዳም፤ ፓኬጅ እየተዘረጋ መብራት ቢጠፋ ግን ግማሹ አዲስ ግማሹ አሮጌ ሆኖ ይቀራል። እንዲህ ሲሆን ፓኬጆቹን የሚዘረጋው ዲፒኬጂ ያልጨረሰውን እንዲያዋቅር ማዘዝ ከሌላው ምርመራ ሁሉ ይቅደም።

ሁሉም ተስተካክሎ መስኮቱ ሲከፈት «ተፈታ» ማለት ይቀናል። በሰዓት ቆጣሪ የሚነሳው ባክአፕ ግን መስኮት የለውም፤ ለቀናት በ127 እየወጣ ማንም ላያየው ይችላል። የሲስተምዲውን ሎግ ተመልክታችሁ የመጨረሻው የተሳካ ባክአፕ መቼ እንደነበር ለዩ። ከዚያ ከአፕዴቱ በፊት ከተቀመጠ ቅጂ አንድ ፎልደር፣ ከአፕዴቱ በኋላ ከተቀመጠው ደግሞ ሌላ፣ ለብቻ ቦታ አውጡና ከዋናው ጋር ባይት በባይት አነጻጽሩ።