አዲስ መኪናን ስለ ማላመድ፤ በወለንጪቲ ጎዳና

ከአዲስ አበባ ተነሥቶ ወደ ምሥራቅ የሚወርድ መንገደኛ፣ ቱሉ ዲምቱ ላይ ወደ ፈጣኑ መንገድ ገብቶ አዳማ እስኪደርስ ድረስ፣ እግረኛ የማያቋርጠው፣ ከብት የማይነዳበት፣ የሚሄደውና የሚመጣው እርስ በርሱ የማይገናኝበት፣ በየአቅጣጫው ሦስት ሦስት መሥመር ያለው፣ በሰዓት እስከ 120 ኪሎ ሜትር ለሚደርስ ፍጥነት የተሠራ ጎዳና ያገኛል። አዳማን አልፎ ሃያ አምስት ኪሎ ሜትር ያህል ሄዶ ወለንጪቲ ሲደርስ ግን ዋናው መንገድ በከተማይቱ መካከል ያልፋል፤ በዚያም ጋሪና ባጃጅ፣ ወደ ጅቡቲ የሚወርድ ተሳቢና ከትምህርት ቤት የሚመለስ ሕፃን በአንድ አስፋልት ላይ ይገናኛሉ። አዲስ መኪና የገዛ ሰው በእነዚህ በሁለቱ መንገዶች ላይ በአንድ ቀን፣ ይልቁንም በአንድ ሰዓት ልዩነት ስለሚነዳ፣ መኪናውን እንዴት አድርጎ እንደሚያላምድና ራሱንም ከመኪናው ጋራ እንዴት እንደሚያለማምድ ማወቁ ለንብረቱም ለነፍሱም፣ ከሁሉም በላይ ለባልንጀራው ነፍስ የሚጠቅም ነገር ነው።

ማናቸውም አዲስ መኪና ምንም እንኳ በብልህ እጅ ቢሠራና በፋብሪካው ቢፈተን፣ የመጀመሪያዎቹን ሺህ ወይም ሺህ አምስት መቶ ኪሎ ሜትሮች በመጠን መሄድ አለበት። የወለንጪቲ ገበሬ ወይፈኑን ለቀንበር ሲያወጣ በመጀመሪያው ቀን የደረሰ በሬ የሚያርሰውን ያህል አያሳርሰውም፤ ነገር ግን ጨርሶ ሥራ ነሥቶም በበረት አያውለውም፤ ጥቂት ጥቂት እያሠራ፣ እያሳረፈ፣ እያበረታ ያሳድገዋል እንጂ። አዲስ ሞተርም እንዲሁ በልክ መሥራትን ይሻል።

ይህ ሥርዓት በአባቶቻችን ዘመን በራሱ ጊዜ ይፈጸም ነበር። ሞተር ያለው ሠረገላ በኢትዮጵያ ምድር መጀመሪያ የታየው በ1900 ዓ.ም. ገደማ፣ ቤዴ ቤንትሌይ የተባለ እንግሊዛዊ ሲድሌይ የተባለችውን መኪና ከጠረፍ እስከ አዲስ አበባ አድርሶ በዳግማዊ ምኒልክ ፊት ባቀረበ ጊዜ ነው፤ ያን ጊዜ የምድር ባቡሩ ሐዲድ ገና ከድሬዳዋ አላለፈም ነበር፤ በወለንጪቲ በኩል ዘልቆ አዲስ አበባ የገባውም በ1909 ዓ.ም. ነው። የአውራ ጎዳና ባለሥልጣን በ1943 ዓ.ም. ተቋቁሞ መንገዶቹን እየጠገነና እያስፋፋ ሥራውን ከጀመረም በኋላ ረዘም ላለ ዘመን ነጂው ልፍጠን ቢል እንኳ ኮረኮንቹ፣ አቀበቱና ጭቃው አይፈቅዱለትም ነበር፤ መንገዱ ራሱ መኪናውን ያላምደው ነበር ለማለት ይቻላል። ዛሬ ግን መንገዱ ከነጂው አስቀድሞ ለፍጥነት ተዘጋጅቶ ይጠብቃልና፣ ቀድሞ መንገዱ ይከለክል የነበረውን አሁን የነጂው ፈቃድና ዕውቀት ሊከለክለው ይገባል።

ከዚህም ሌላ በዘመናችን አዲስ መኪና የሚገዛ ሰው ቍጥር እንዲጨምር የሚያደርጉ ሕጎች ወጥተዋል። የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ቁጥር 1186/2012 ባረጁ መኪኖች ላይ ከባድ ታክስ በመጣሉ ገዢውን ወደ አዲሱ እንዲያዘነብል አድርጎታል፤ በ2016 ዓ.ም. ደግሞ መንግሥት በቤንዚንና በናፍጣ የሚሠሩ የቤት መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ በመከልከሉ፣ ከውጭ የሚመጣው አዲስ የቤት መኪና በኤሌክትሪክ የሚሠራ ሆኗል። ስለዚህ ማላመድ ሲባል የምንናገረው በነዳጅና በኤሌክትሪክ ስለሚሠሩ ሁለት ዓይነት መኪኖች ነው፤ እንዲያውም ሦስተኛ አለ፤ ይኸውም ሞተሩ በጋራዥ ተፈትቶ አዲስ ፒስቶንና አዲስ ቀለበት የተገጠመለት አሮጌ መኪና ነው። እርሱም በውስጡ አዲስ ስለሆነ፣ በማላመድ ረገድ ከፋብሪካ ከወጣው አይተናነስም።

በቤንዚንም ሆነ በናፍጣ በሚሠራው ሞተር ውስጥ የሚሆነውን ነገር ጥቂት እናስተውል። የሲሊንደሩ ግድግዳ ለዓይን ልስልስ ቢመስልም፣ ዘይት ይዞ እንዲቆይ ሆን ተብሎ በተጫሩ ረቂቅ መስቀለኛ መሥመሮች የተሸፈነ ነው። የፒስቶኑ ቀለበቶች ወደ ላይና ወደ ታች በተመላለሱ ቍጥር የእነዚህ መሥመሮች ሹል ጫፍ በጥቂቱ እየተጠረገ ይሄዳል፤ በመጨረሻም ቀለበትና ግድግዳ አንዱ በአንዱ ላይ በትክክል ይገጥማሉ። ቀለበቱን ወደ ግድግዳው የሚያስጠጋው የራሱ ውጥረት ብቻ ሳይሆን፣ ነዳጁ ሲቃጠል የሚወለደው ግፊት ከበስተኋላው ገብቶ የሚገፋው ኃይል ጭምር ነው። ስለዚህ ሞተሩ ከመጠን በላይ ቢጨነቅ፣ ሙቀቱ የዘይቱን ስስ ሽፋን በጥሶ ብረት ብረትን ይፍቃል፤ ከመጠን በላይ ቢታዘንለት ደግሞ ቀለበቱ በሚገባ ሳይገጥም ይቀራል፤ ግድግዳውም ያለ ጊዜው እየተወለወለ ይለሰልስና፣ ሞተሩ ዕድሜውን ሙሉ ዘይት የሚበላ ይሆናል። የማላመድ ጥበብ በእነዚህ በሁለት ስሕተቶች መካከል መሄድ ነው።

ከዚህ ምክንያት የሚወጡት ደንቦች ለማስታወስ የሚያስቸግሩ አይደሉም። ሞተሩን አስነሥቶ ቆሞ ብዙ ጊዜ ማሞቅ አይጠቅምም፤ ወዲያው በዝግታ መነሣትና ሙቀቱ ልኩን እስኪይዝ ድረስ ነዳጅ መስጫውን በቀላሉ መርገጥ ይበቃል። የሞተሩ ዙር ከሚፈቀደው ከፍተኛ ልክ ከግማሽ እስከ ሁለት ሦስተኛ ሳያልፍ መቆየት ይገባዋል፤ ነገር ግን በከፍተኛ ማርሽ ላይ ሆኖ ፍጥነቱ ሲወርድ እየተንገጫገጨ እንዲጎትት ማድረግም ያው ጕዳት ነው። ዙሩም ፍጥነቱም ሳይቋረጥ በአንድ ልክ መዝለቅ የለበትም፤ ከፍ ዝቅ እያለ መሄድ አለበት። ከቱሉ ዲምቱ እስከ አዳማ ያለው ሰማንያ ኪሎ ሜትር ያህል መንገድ አዲስ መኪናን የሚፈትነው በዚህ ነው፤ ጎዳናው ለስልሶና ተዘርግቶ ነጂው በአንድ ፍጥነት ብቻ እንዲፈስስ ይጋብዘዋልና፣ በየጊዜው ጥቂት ማዝገምና መልሶ ጥቂት መጨመር የነጂው ፈንታ ነው። በዚህ ጊዜ ውስጥ ሙሉ ጭነት መጫን፣ ሌላ መኪና መጎተትም አይገባም። አዲስ ሞተር ከለመደው ይልቅ ብዙ ዘይት ሊጠጣ ስለሚችል መለኪያውን ቶሎ ቶሎ እያወጡ ማየት ያስፈልጋል፤ የመጀመሪያውንም የዘይት ቅያሬ ሠሪው ከወሰነው ኪሎ ሜትር አለማሳለፍ ይገባል፤ የተፋቀው የብረት ብናኝ ከዘይቱና ከማጣሪያው ጋራ የሚወጣው ያን ጊዜ ነውና። ሠሪው ከመኪናው ጋራ የሚልከው መጽሐፍ ከዚህ የተለየ ልክ ቢሰጥ፣ የሚከበረው የመጽሐፉ ቃል ነው።

ብዙ ሰው ማላመድ የሞተር ጕዳይ ብቻ ይመስለዋል፤ ነገር ግን ነፍስን የሚያድኑት ፍሬንና ጎማ ናቸው፤ እነርሱም ልምድ ይፈልጋሉ። አዲስ የፍሬን ሸራና የሚነክሰው ብረት እስኪገጣጠሙ ድረስ፣ በመጀመሪያዎቹ ጥቂት መቶ ኪሎ ሜትሮች መኪናው ኋላ እንደሚቆመው አጥብቆ አይቆምም፤ አስገዳጅ ነገር ካልመጣ በቀር በድንገትና በኃይል ከመርገጥ ይልቅ፣ ቀደም ብሎ መካከለኛ ጫና እየሰጡ ማለማመድ ይበጃል። አዲስ ጎማም ከቅርጹ እንዲላቀቅ የሚቀባው ቅባትና የላዩ ልስላሴ እስኪጠረግ ድረስ፣ ይልቁንም በዝናብ ቀን፣ መንገዱን እንደሚገባ አይዝም። ጎማ ከተፈታ በኋላም መቶ ያህል ኪሎ ሜትር እንደ ተሄደ ብሎኖቹን መልሶ ማጥበቅ የጥንቃቄ ሥራ ነው፤ በጎሚስታው ቤት የሚፈጀው ጥቂት ደቂቃ ነው፤ ቸል ሲባል ግን ጎማው መንገድ ላይ ሊወጣ ይችላል።

የወለንጪቲ መንገድ ለጎማና ለሞተር የተለየ ትምህርት አለው። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ 2,400 ሜትር ያህል ከፍ ብላ ስትገኝ፣ መተሐራ ከ1,000 ሜትር በታች ናት፤ ወለንጪቲም በመካከል ትገኛለች። በአዲስ አበባ ያለው አየር ከባሕር ዳርቻው ሦስት አራተኛ ያህል ብቻ ስለሆነ፣ ያለ ተርቦ የሚተነፍስ ሞተር በዚያ ደክሞ ይሠራል፤ ወደ ቆላው ሲወርድ ግን አየሩ እየወፈረለት ይበረታል። አዲሱን መኪናውን በደጋ ብቻ የነዳ ሰው እዚህ ሲደርስ፣ እግሩ የለመደው ያው አረጋገጥ ከጠበቀው የበለጠ ፍጥነት ሲሰጠው ያገኘዋል። የቆላው ሙቀት ደግሞ ጎማን ይፈትናል። ጎማን ክፉኛ የሚያሞቀው የፀሐዩ ትኵሳት ብቻ አይደለም፤ ነፋሱ የጎደለ ጎማ በተሽከረከረ ቍጥር ጎኑ እየታጠፈና እየተዘረጋ የሚፈጥረው ሙቀት ጭምር ነው። የነፋስ ጕድለት፣ ከመጠን ያለፈ ጭነትና ፍጥነት በሞቃት አስፋልት ላይ ሲገናኙ ጎማ ይፈነዳል። ስለዚህ ነፋስ የሚለካው በማለዳ፣ ጎማው ሳይሞቅ፣ በነጂው በር አጠገብ በተለጠፈው ልክ መሠረት ነው፤ ሞቆ የተነፋፋ መስሎ የታየውን ጎማ እያስተነፈሱ መንዳት ግን ከመከራው የሚያርቅ ሳይሆን ወደ መከራው የሚያቀርብ ነው። ስኮርት ጎማውንም አብሮ መለካት አይረሳ።

በኤሌክትሪክ የሚሠራው መኪና ፒስቶንና ቀለበት ስለሌለው የሞተር ማላመድ ብዙም አያስፈልገውም ቢባል እውነት ነው፤ ማላመድ ጨርሶ አያስፈልገውም ማለት ግን ስሕተት ነው። ባትሪው መኪናውን ያከብደዋል፤ ሞተሩም ገና ከቆመበት ሲነሣ ያለውን የማዞር ኃይል በአንድ ጊዜ ስለሚሰጥ፣ በአሮጌ የቤንዚን መኪና የለመደ እግር ሳያስበው ወደ ፊት ሊወረውረው ይችላል፤ ድምፁም ዝቅተኛ ስለሆነ እግረኛው መኪናው ሲመጣ አይሰማውም። ቍልቍለት ሲወርድ ሞተሩ ወደ ኋላ እየያዘ ባትሪውን የሚሞላበት ብልሃት እጅግ ጠቃሚ ነው፤ ነገር ግን ባትሪው ሙሉ ከሆነ የሚቀበልበት ቦታ ስለማይኖረው ይህ ኃይል ይቀንሳልና፣ ከደጋ ወደ ቆላ የሚወርድ ሰው ጥቂት ክፍት ቦታ ትቶ ቢነሣ መልካም ነው። በዚህ ብልሃት ምክንያት ፍሬኑ እምብዛም ስለማይነካ፣ ሸራውና ብረቱ የሚላመዱበት ጊዜም ይረዝማል። በቆላው ሐሩር ባትሪውን እስከ ጫፍ ሞልቶ በፀሐይ ላይ ማዋልም ዕድሜውን ያሳጥረዋል።

ይህ ሁሉ ከተነገረ በኋላ ግን፣ ከሁሉ የሚከብደው የነጂውን ዓይን ማላመድ ነው። በፈጣን መንገድ ለአንድ ሰዓት ያህል የቆየ ዓይን ፍጥነትን ይለምዳል፤ ከዚያ በኋላ በሰዓት ሰማንያ መሄድ እንደ መንፏቀቅ ይመስለዋል። ይህ የሰው ሁሉ ባሕርይ እንጂ የአንድ ሰው ጕድለት አይደለም። በሰዓት 100 ኪሎ ሜትር የሚሄድ መኪና በአንድ ሰከንድ 28 ሜትር ያህል ይምዘገዘጋል፤ ነጂው አደጋውን አይቶ እግሩን ወደ ፍሬን እስኪያደርስ ድረስ ይህን ያህል ርቀት አልፏል፤ ፍጥነቱ እጥፍ ሲሆን ደግሞ ፍሬን ከተያዘ በኋላ የሚፈጀው የመቆሚያ ርቀት አራት እጥፍ ይሆናል። በሃምሳ ሲሄድ በሠላሳ ሜትር ያህል ርቀት የሚቆም መኪና፣ በመቶ ሲሄድ ሰማንያ ሜትር አይበቃውም። ስለዚህ አዳማን አልፎ ወደ ወለንጪቲ የሚወርድ ነጂ ስሜቱን ሳይሆን የፍጥነት መለኪያውን አይቶ ማመን አለበት።

ከወለንጪቲ ወዲያም ጥንቃቄው አይቀንስም። የአገሪቱ የገቢና የወጪ ንግድ አብዛኛው በጅቡቲ ወደብ ስለሚያልፍ፣ ረዣዥም ተሳቢዎች በዚህ መንገድ ተከታትለው ይሄዳሉ፤ አዲስ መኪና ያለው ሰው ጕልበቱን ተማምኖ በጠመዝማዛ ወይም በኮረብታ አናት ላይ ሊቀድማቸው ይፈተናል። የተበላሸ ከባድ መኪና ከኋላው ቅጠልና ድንጋይ አድርጎ ይቆማል፤ መኪናው ተጠግኖ ከሄደ በኋላ ግን ድንጋዩ በአስፋልቱ ላይ ሊቀር ይችላል፤ ይህም በሌሊት ለሚነዳ ሰው ከባድ አደጋ ነው። በመተሐራ አካባቢ፣ ውኃው እየሰፋ መንገዱንና ሐዲዱን ያስቸገረው የበሰቃ ሐይቅ ዳር ይታለፋል፤ የከረዩ አርብቶ አደሮች ግመልና ከብት መንገዱን ያቋርጣሉ፤ ከዚያም አልፎ ጎዳናው በ1958 ዓ.ም. በተቋቋመው በአዋሽ ብሔራዊ ፓርክ መካከል ስለሚያልፍ፣ ሳላና ሌላው የዱር እንስሳ ድንገት ከፊት ሊቆም ይችላል። ግመል በጥሩምባ ጩኸት አይፈጥንም፤ ነጂው ቀድሞ ሲያዘግም ብቻ ሁለቱም በሰላም ያልፋሉ።

እንግዲህ የመጀመሪያው ሺህ ኪሎ ሜትር ለብረቱ የሚጠቅመውን ያህል ለነጂው ጠባይ መሠረት የሚጣልበት ጊዜ ነው፤ በዚያ ወራት ቀድሞ ማየትን፣ ቀድሞ ማዝገምን፣ ከፊት ካለው መራቅን የለመደ እግር ኋላም በቀላሉ አይስተውም። አንድ ነገር ግን ለባለንብረቱ መነገር አለበት። አዲስ መኪና ለሾፌር የሰጠ ሰው የመኪናውን መጽሐፍ ሊሰጠው፣ ካልተቻለውም ሊያስነብበው ይገባል፤ የመጀመሪያው ቅያሬ የሚደረግበትን ኪሎ ሜትር ጽፎ ሊያስቀምጥ፣ ቀበቶ ሳይታሰር መኪናው እንዳይንቀሳቀስ ሊያዝዝ ይገባል። ከዚህም በላይ፣ የጉዞውን ሰዓት ሲቈርጥ በወለንጪቲ የሚያዘግምበትንና በመተሐራ የሚያርፍበትን ጊዜ አስቦ ይቍረጥ፤ በቀስታ እንዲነዳ አዝዞ ለፈጣን ሰዓት የሚቀጥር ጌታ ትእዛዙን በራሱ አፍ አፍርሷልና። ሾፌሩም በበኩሉ፣ መኪናው በአደራ የተሰጠው ዕቃ እንደ ሆነ ሁሉ፣ በውስጡ የተቀመጠው ተሳፋሪና በመንገዱ ዳር የቆመው እግረኛም በአደራ የተሰጡት መሆናቸውን አውቆ ይንዳ።