ማጣሪያው ስለ ምን ቶሎ ቶሎ ይቃጠላል?

ከደባርቅ በሊማሊሞ ጠመዝማዛ ወርዶ በድብ ባሕር በኩል ወደ ዛሪማ የሚያልፈውን መንገድ የማያውቅ የጎንደር ሰው ጥቂት ነው። ጣሊያን በወረራው ዘመን የቀደደው ይህ መንገድ የፍሬን ፈተና ነው ሲባል እንሰማለን፤ እኛ ግን ዛሬ የምንጽፈው ስለ ጪስ ነው። «የአርት ተማሪዎች ስለ ሞተር ምን አገባቸው?» የሚል አንባቢ ቢኖር፥ ጪሱን ከመሐንዲሶቹ እኩል እንተነፍሰዋለን ብለን እንመልሳለን። የዓለም ጤና ድርጅት የካንሰር ምርምር ክፍልም የናፍጣ ጪስ ካንሰር እንደሚያመጣ በ2012 እ.ኤ.አ. አስታውቋል።

በአውሮፓ ከ2014 እ.ኤ.አ. ወዲህ ለገበያ የቀረቡ ከባድ መኪኖች ከጪስ ማውጫቸው ላይ እንደ ማር እንጀራ የተቦረቦረ የሸክላ ማጣሪያ አለባቸው። ጪሱ በሸክላው ግድግዳ ሰርጎ ያልፋል፤ ጥቀርሻው ይቀራል። ጥቀርሻ ደግሞ፥ እናቶቻችን ከምጣድ ሥር እንደሚያውቁት፥ በቂ እሳት ካገኘ ራሱ ይነዳል። ስለዚህ መኪናው ጭኖ ዳገቱን ሲወጣ ጪሱ እጅግ ስለሚግል፥ ሾፌሩ ሳያውቀው ማጣሪያው ይጸዳል። ሙቀቱ ካልበቃ ግን የመኪናው ኮምፒዩተር ትርፍ ናፍጣ አስረጭቶ ማጣሪያውን ወደ 600 ዲግሪ ያደርሰዋል።

ችግሩ ይህ ማቃጠል ሲደጋገም ነው። ሊማሊሞን በሞተር ፍሬን ሲወርዱ ሞተሩ የሚተፋው ቀዝቃዛ አየር ነው፤ በከተማ ቆሞ ሞተር ማስጮህም እንዲሁ ማጣሪያውን ያቀዘቅዘዋል፥ ጥቀርሻም ይጨምርበታል። በደጋው አየሩ ስስ ስለ ሆነ ናፍጣው በሚገባ ላይነድ ይችላል። የሚያንጠባጥብ ኢንጀክተር ወይም ዘይት የሚያሳልፍ ቱርቦ ካለማ ማጣሪያው በቶሎ ይሞላል። እንግዲህ ሾፌሩ ማጽዳቱ ሳያልቅ ሞተሩን ካጠፋ ሥራው እንደገና ይጀመራል። ከትርፉ ናፍጣ ከፊሉ ወደ ሞተሩ ዘይት ወርዶ ያቀጥነዋል፤ የዘይት መለኪያው ሳይጨመርበት ከፍ ብሎ ከተገኘ ደስ ሊለን አይገባም። መብራቱ በርቶ ችላ ከተባለ ኮምፒዩተሩ የሞተሩን ጉልበት ይቀንሳል። ይህ የሚደርሰው ጭነት ይዞ በዳገቱ መካከል፥ ማለፊያ በጠበበበት ኩርባ ላይ ከሆነ፥ የሾፌሩንና የረዳቱን ሌሊት አንባቢ ያስበው።

ጥቀርሻ ይነዳል፤ አመድ ግን አይነድም። አመዱ የሚመጣው በሞተሩ ዘይት ውስጥ ካሉት ቅመሞች ነው። እየተጠራቀመ ቦታውን ሲይዝ ለጥቀርሻው የሚተርፈው ያንሳል፤ ስለዚህ ሞተሩ ጤነኛ ሆኖ ሳለ ማቃጠሉ ከበዛ ማጣሪያውን አውርዶ አመዱን ማስወጣት ነው። ለዚህ መኪና አመዱ የበዛ ዘይት መግዛት ርካሽ ቢመስልም ዋጋው በኋላ ይከፈላል። በአውሮፓ ናፍጣ ውስጥ ድኝ ከሚሊዮን እጅ 10 እጅ እንዳይበልጥ የተደነገገውም ያለ ምክንያት አይደለም፤ ድኝ የማጣሪያውን ሥራ ያበላሻል።

አንዳንዱ ባለንብረት የማጣሪያውን ሆድቃ አውጥቶ ባዶውን ቆርቆሮ ይመልሳል። በኪሳራው እናዝንለታለን፤ ሆኖም ለሾፌሩ የቀለለው ጥቀርሻ ከዚያ ወዲያ የሚሄደው በመንገድ ዳር ወደሚጫወቱት ልጆች ሳንባ ነው። ሕመሙን ሳይመረምሩ ማጣሪያውን መጣልም የሚያንጠባጥበውን ኢንጀክተር አያድነውም።

መኪናው ቆሞ ራሱን እንዲያጸዳ ሲደረግ የጪስ ማውጫው አካባቢ እንደ ምድጃ ይግላልና፥ በመኸር ጊዜ ከጭድ ክምርና ከደረቅ ሣር ራቅ ብሎ ማቆም ያስፈልጋል።