ጎመን ምን በልቶ ያድጋል?

ውድ እኅቶቻችን፣ ጾም በገባ ቁጥር ከብዙዎቻችሁ የምንሰማው ነገር አንድ ነው፤ ራሴን ያዞረኛል፣ ጉልበቴ ይከዳኛል፣ ደረጃ መውጣት አቃተኝ ትላላችሁ። ቀኑን በዳቦና በሻይ ብቻ ማሳለፍ አንዱ ምክንያት ነው። «ቅጠል ብሉ» የሚለውን ምክር ሁሉም ይሰጣል። እኛ ደግሞ በዚህ ዕትም ቅጠሉ ራሱ ምን እንደሚበላ ልንጽፍላችሁ ወደድን።

ጎመን ብረትን፣ ዚንክን፣ አዮዲንን አይፈጥርም። ሥሩ ከአፈር ያገኘውን ከውኃ ጋር ወደ ላይ ይስባል እንጂ። አፈሩ ደሃ ከሆነ ጎመኑ ለዓይን ቢለመልምም በውስጡ የያዘው ጥቂት ነው። ዩሪያ ያፋፋዋል፤ ዚንክ ግን አይሰጠውም። ስለዚህ የጎደለውን ንጥረ ነገር ከማዳበሪያ ጋር ቀላቅሎ ለአፈሩ መስጠት ይቻላል። ለዚህ ደግሞ ቅጠላ ቅጠል ከእህል ይልቅ ይመቻል፤ ለምሳሌ አዮዲን ከሥር ወደ ቅጠል በቀላሉ ይወጣል፣ ወደ ፍሬው ግን ብዙም አይሻገርም።

ነገሩ በተግባር የታየ ነው። ፊንላንድ አፈሯ ሴሊኒየም የሚባለው ንጥረ ነገር ስለሚያንሰው በ1984 እ.ኤ.አ. በማዳበሪያ ውስጥ እንዲገባ ወሰነች፤ በሕዝቡ ደም ውስጥ ያለው መጠንም ከፍ አለ። በቻይና ዢንጂያንግ ደግሞ በ1990ዎቹ እ.ኤ.አ. አዮዲን በመስኖ ቦይ ላይ ጠብ ጠብ እንዲል ተደረገ። ከውኃው ወደ አፈሩ፣ ከአፈሩ ወደ ሰብሉና ወደ ከብቱ፣ ከዚያም ወደ እናቶች ደረሰ። በዚያ አካባቢ የሕፃናት ሞት ቀነሰ። እንቅርት ያለባቸውን እናቶች እያየን ላደግን ለእኛ ይህ ትንሽ ወሬ አይደለም።

ወደ አገራችን ስንመጣ፣ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ከውጭ ባልደረቦቻቸው ጋር በአማራ፣ በኦሮሚያና በትግራይ የሰበሰቡትን እህል መርምረው በ2021 እ.ኤ.አ. ውጤቱን አሳትመዋል። በእህሉ ውስጥ ያለው ዚንክ፣ ብረትና ሴሊኒየም ከቦታ ቦታ ይለያያል፤ የሴሊኒየሙ ልዩነት በተለይ ሰፊ ነው። አንድ ዓይነት ጤፍ የሚበሉ ሁለት ቤተሰቦች እኩል አይመገቡም ማለት ነው። ዚንክና ቦሮን የተቀላቀለባቸው ማዳበሪያዎችም ተዘጋጅተዋል። በእኛ አስተያየት ግን ከሁሉ በፊት የሚያሳዝነው ኩበቱ ነው። ወደ ጓሮ መመለስ የነበረበት ፍግ፣ ማገዶ ስለጠፋ ምድጃ ውስጥ ይገባል። ፍግ ራሱ ዚንክ አለው፤ አፈሩም የያዘውን ለሥሩ እንዲለቅ ይረዳል።

የኩዌት አፈር ሌላ ጠባይ አለው። በወፍራና በአብደሊ እርሻዎች ያለው መሬት አሸዋማና ኖራ የበዛበት ነው። በእንዲህ ያለ አፈር ላይ ተራ የብረት ማዳበሪያ ቢጨመር ኖራው ቶሎ አስሮ ይይዘዋል፤ ሥሩ አያገኘውም። ስለዚህ እንዳይታሰር ተደርጎ የተዘጋጀ ብረት በጠብታ መስኖ መስጠት፣ ወይም በቅጠሉ ላይ መርጨት ይሻላል።

ማዳም ቤት ጀርጂር፣ ባግዱኒስ ወይም ሙሉኺያ ሲገዛ ለራሳችሁም ከፈል አድርጉ። ሎሚ ጭመቁበት፤ ሎሚ የቅጠሉ ብረት ወደ ደም እንዲገባ ይረዳል። ሻዩን ከምግቡ ጋር አትጠጡት፤ አንድ ሰዓት ያህል ቆዩ፤ ሻይ ብረቱን ይይዘዋልና። ሰባነኽ ብረት ቢኖረውም ሰውነት ከእርሱ የሚወስደው ጥቂት ነው፤ በእርሱ ብቻ አትተማመኑ። ማዞሩ ካልተዋችሁ ደግሞ ቅጠል መድኃኒት አይሆንም፤ ሙስተውሰፍ ሄዳችሁ ደማችሁን ተመርመሩ።

ለማዳበሪያ ብላችሁ ብር የምትልኩ እኅቶች ቤተሰብ ስትደውሉ አንድ ነገር ጠይቁ፤ የእኛ ቀበሌ አፈር ምን ይጎድለዋል? መልሱን የልማት ጣቢያ ሠራተኛው ቢሰጥ ይሻላል። ዚንክም ሆነ ሴሊኒየም ሲበዛ ይጎዳልና በግምት አይጨመርም።