ጓዳችንን የሚከፍቱት አምስት ቁጥሮች

«ልጄ ውድድር ላይ ናትና እባክሽ ድምፅ ስጪልኝ» የሚል መልእክት በቴሌግራም ደርሷችሁ ያውቃል? ካልደረሳችሁ ይደርሳችኋል፤ አትቸኩሉ። ከሥሩ ሊንክ አለ። ሊንኩን ስትነኩት የስልክ ቁጥራችሁን ይጠይቃል፤ ቀጥሎ «የመጣላችሁን ኮድ አስገቡ» ይላል። አምስት ቁጥር ናት። አስገባችኋት? በቃ፣ የጓዳችሁን ቁልፍ ለማታውቁት ሰው አቀበላችሁት ማለት ነው።

ሽሮ ሜዳ የሀገር ልብስ የምትሸጥ አንዲት የማውቃት ሴት አለች። ስሟ ይቆየን። ያቺ መልእክት የመጣችላት ከማታውቀው ሰው ቢሆን ኖሮ ዞር ብላም አታያትም ነበር፤ የመጣችላት ግን ከአበልጇ ነው። አበልጅ «ለልጄ ድምፅ ስጪልኝ» ሲል ማን እምቢ ይላል? ለካስ የአበልጇም ቴሌግራም ከሁለት ቀን በፊት ተጠልፎ ኖሯል! ጠላፊው ከአንዱ ሰው ወደ ሌላው የሚሻገረው እንዲህ በዝምድናችን እየተንጠላጠለ ነው።

ከዚያ በኋላ የሆነውን ስሙኝማ። በቴሌግራም የምንጻጻፈው ነገር /«ሲክሬት ቻት» የሚባለው ሲቀር/ የሚቀመጠው ስልካችን ውስጥ ብቻ ሳይሆን በድርጅቱ ኮምፒውተሮችም ላይ ነው። ስለዚህ በኮዷ የገባ ሰው የስንት ዓመት ወሬያችሁን፣ ፎቶውንም፣ የድምፅ መልእክቱንም ቁጭ ብሎ ይኮመኩማል። ይሄም ሰውዬ ኮመኮመ። ቤይሩት በሰው ቤት የምትሠራ ታናሽ እህት እንዳለቻት፣ እናታቸው የስኳር ሕመምተኛ እንደሆኑ፣ ታናሽየዋ እሷን «እቴትዬ» እያለች እንደምትጠራት ሁሉ አወቀ። ከዚያ እሷን መስሎ ጻፈ፤ «እማዬን ስኳሯ ከፍ ብሎ ሆስፒታል አስገብተናታል። ለማንም እንዳትነግሪ። በዚህ አካውንት 40 ሺህ ብር አስገቢልኝ። እቴትዬሽ።»

«እቴትዬሽ» አላት እኮ! ይህን ያነበበች ልጅ ምን ብላ ትጠርጥር?

አሠሪዋ ስልክ የምትፈቅድላት ማታ ማታ ብቻ ነው። ደውላ ለማጣራት ጊዜውም አቅሉም አልነበራትም። እዚህ ባሉ ሰዎች በኩል ገንዘቡን አስገባች። የስንት ወር ላብ እንደሆነ እሷና እግዜር ያውቃሉ። እናትየው ያን ዕለት ቤታቸው ቡና እያፈሉ ነበር። እስካሁን ድረስ ይህ ነገር ሲነሳ አንዷ «ኮዱን ለምን ሰጠሽ?» ሌላዋ «ለምን አልደወልሽም?» እየተባባሉ እህትማማቾቹ ይኮራረፋሉ።

የሚያንገበግበው ደግሞ ምን መሰላችሁ? ነገሩ ሊድን ይችል ነበር። ቴሌግራም አዲስ የገባን ሰው 24 ሰዓት እስኪሞላው ድረስ ነባሩን እንዲያስወጣ አይፈቅድለትም። ነባሩ ግን አዲሱን ማባረር ይችላል! ሴቲንግ ውስጥ «ዲቫይስስ» የሚለውን ትከፍታላችሁ፤ በእናንተ አካውንት የገባው ስልክና ኮምፒውተር ሁሉ ተዘርዝሮ ታያላችሁ። «ተርሚኔት ኦል አዘር ሴሽንስ» የምትለዋን መንካት ነው፣ ሌላው ሁሉ ውልቅ ይላል። የኛዋ እመቤት ግን አንድ አዋቂ ነኝ ባይ ጎረቤት «ቴሌግራሙን ከስልክሽ አጥፊው» ብሎ መከራትና አጠፋችው። አፑን ማጥፋት ሌባውን አያስወጣም፤ ቤቱን ለቅቆለት መሄድ ነው። እሱም የራሱን የይለፍ ቃል አድርጎበት ተደላድሎ ተቀመጠ።

መከላከያው ከ2007 ዓ.ም. ጀምሮ እዚያው ቴሌግራም ውስጥ አለ፤ «ቱ ስቴፕ ቬሪፊኬሽን» ይባላል። እናንተ ብቻ የምታውቁትን የይለፍ ቃል ታስገባላችሁ፣ ብትረሱት መልሳችሁ የምታገኙበትን ኢሜይልም ትመዘግባላችሁ። ከዚያ ወዲያ ሌባው ኮዷን ቢያገኛትም በር ላይ ቆሞ ይቀራል። ለነገሩ ኮዷ ስትመጣ ከጎኗ «ለማንም እንዳትሰጡ፣ ከቴሌግራም ነን ቢሏችሁም» የሚል ማስጠንቀቂያ አብሮ ይመጣል። በእንግሊዝኛ ስለሆነ ነው መሰለኝ እንዘለዋለን። ቴሌብር በግንቦት 2013 ዓ.ም. ሥራ ከጀመረ ወዲህ ደግሞ ስልካችን ቦርሳችንም ሆኗል። «ሽልማት ደርሶዎታል፣ የሚስጥር ቁጥርዎን ይንገሩን» ብሎ የሚደውል ሰው ምን እንደፈለገ ለናንተ አልነግራችሁም።

አሁን ወደ ትዳሩ ልምጣ። ይህን ጉዳይ እንደምጽፍ የሰሙ ሰዎች ከጠየቁኝ ጥያቄ ግማሹ «የእጮኛዬን ዋትስአፕ ሳያውቅ እንዴት ላንብብ?» የሚል ነው። አልናገርም! ዋትስአፕ ከ2008 ዓ.ም. ጀምሮ መልእክቱን ከላኪና ከተቀባይ በቀር ማንም እንዳያነበው አድርጎ ይቆልፈዋል፤ ነገር ግን አንድ ሰው ስልካችሁን ለአንዲት ደቂቃ ካገኘ ከራሱ ኮምፒውተር ጋር አያይዞ፣ ከዚያ በኋላ እቤቱ ሆኖ ማንበብ ይችላል። «ሊንክድ ዲቫይስስ» የሚለውን ክፈቱና የማታውቁት ነገር ካለ አስወጡት። የኮምፒውተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 ያለፈቃድ የሰው ኮምፒውተርና ዳታ ውስጥ መግባትን እስከ 3 ዓመት እስራት ወይም ከ30 ሺህ እስከ 50 ሺህ ብር ወይም በሁለቱም ያስቀጣል። «ባል ከሆነ ይፈቀድለታል» የሚል አንቀጽ አላየሁበትም። በፎቶና በቪዲዮ ማስፈራራትም በዚሁ አዋጅ ወንጀል ነው፤ «ፎቶሽን እለቀዋለሁ» የተባለች እህት ብር ከመላክ ይልቅ የተጻፈላትን ሁሉ ሳታጠፋ ይዛ ፖሊስ ዘንድ ትሂድ።

ሌላው የማንጠረጥረው ቦታ ፎቶ ኮፒ ቤት ነው። ፓስፖርቱን፣ የፋይዳ ካርዱን፣ የፍቺ ወረቀቱን «በቴሌግራም ላኪልኝና ፕሪንት ላድርግልሽ» ይላሉ፣ እንልካለን። አንድ ቤት ወረፋ ስጠብቅ ኮምፒውተሩ ላይ «ቴሌግራም ዴስክቶፕ» የሚለው ፎልደር ተከፍቶ አየሁት፤ የሠፈሩ ሰው ሁሉ ፓስፖርት ተደርድሯል! ከስልካችሁ ላይ መልእክቱን «ለሁለታችንም አጥፋ» ብትሉት እንኳ ኮምፒውተሩ ላይ አንዴ የወረደው ፋይል እዚያው ይቀራል። ስለዚህ ወረቀታችሁን ተቀብላችሁ ወዲያው አትውጡ። ልጁ ፋይሉን ከፎልደሩም ከሪሳይክል ቢንም ሲያጠፋው ቆማችሁ እዩ። ቢያኮርፍ ያኩርፍ።

ስልክ ጥገናም ያው ነው። መስታወት ለማስቀየር የይለፍ ቃል መስጠት ምን ይሉታል? ሲም ካርዱንና ሚሞሪውን አውጥታችሁ ስጡ። አዳዲስ የሳምሰንግ ስልኮች «ሜንቴናንስ ሞድ» የሚባል አላቸው፤ እሱን ስታበሩት ጠጋኙ ስልኩን ይፈትሻል እንጂ ፎቶና መልእክታችሁን አያይም። አንድ መርካቶ ያለ ጠጋኝ ሰዎች የይለፍ ቃላቸውን በፕላስተር ላይ ጽፈው ስልኩ ጀርባ ላይ ለጥፈው እንደሚሰጡት እየሳቀ ነገረኝ። «ታዲያ ታያለህ?» አልኩት።

«እኔማ በየት ጊዜዬ» አለኝ። «ልጆቹን ግን እንጃ።»