የምራቂው ገንዘብ ከማን ኪስ ይወጣል?

ገበያ ወጥቶ ጤፍ የሸመተ ሰው ነጋዴው ሰፍሮ ሲጨርስ «መርቅልኝ እንጂ» ማለቱ የቈየ ልማዳችን ነው። ነጋዴውም እፍኝ ይጨምርለታል፤ እፍኟም ከማን ከረጢት እንደ ወጣች ሁለቱም ያያሉ። በአሜሪካ አገር ግን ምራቂው በገንዘብ የሚታሰብ ሆኗል። ሰው ዕቃ ይገዛል፤ ከከፈለው ላይ ጥቂቱ ተመልሶ በሒሳቡ ይገባለታል። በዚያ አገር የሚኖሩ ብዙ ወገኖቻችን በየዕለቱ የሚያገኙት ነገር ስለ ሆነ፤ ገንዘቡ ከየት እንደሚመጣ ለአንባቢዎቻችን ጥቂት ለመግለጽ ወደድን።

ይህን አሠራር ካስፋፉት አንዱ እ.ኤ.አ. በ1986 የወጣው ዲስከቨር የተባለው ክሬዲት ካርድ ነው። ዛሬ ከመቶ 1 ወይም 2 የሚመልሱ ካርዶች ብዙ ናቸው። ነገሩ እንዲህ ነው፤ ገዢው በካርድ 100 ዶላር ሲከፍል ባለሱቁ መቶውን ሙሉ አያገኝም፤ ብዙውን ጊዜ 2 ዶላር ወይም ከዚያ በለጥ ያለ ሒሳብ ባንኩና የካርዱ ድርጅት ያስቀሩበታል። ለገዢው «ተመለሰልህ» የሚባለው ከዚሁ ተቈርሶ ነው። ታዲያ ባለሱቁ ከኪሱ ይከፍላልን? ነጋዴ እንዲህ አይነግድም! ወጪውን አስቦ በዕቃው ዋጋ ላይ ይጨምረዋል፤ ዋጋው ደግሞ ለካርድ ከፋዩም ለጥሬ ገንዘብ ከፋዩም ብዙውን ጊዜ አንድ ነው። ስለዚህ ካርድ የሚሰጣት ባንክ ያጣችና ዳቦዋን በሳንቲም የምትገዛ ድኻ እናት፤ ለባለካርዱ ጎረቤቷ ምራቂ ታዋጣለች ማለት ነው። የቦስተን ፌዴራል ሪዘርቭ ባንክ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2010 ባወጡት ጥናት፤ በጥሬ ገንዘብ የሚከፍል አንድ ቤተ ሰብ በዚህ መንገድ በዓመት በአማካይ 149 ዶላር ለባለካርዶች እንደሚያስተላልፍ ገምተዋል። እኛን ያስገረመን ይኸ ነው፤ በእኛ ገበያ ከሌላው ሸማች ቁና ላይ ቀንሶ የሚመርቅ ነጋዴ ቢገኝ ምን ይባል ነበር?

በኢንተርኔት ለሚገዛ ሰው ሌላ መንገድ አለ። እ.ኤ.አ. በ1998 የተቋቋመው ኢቤትስ፤ ገዢውን ወደ ሱቁ ድረ ገጽ መርቶ በማምጣቱ ከሱቁ የደላላ ድርሻ ይቀበልና ከፊሉን ለገዢው ያካፍል ነበር። ይህን ድርጅት የጃፓኑ ራኩቴን እ.ኤ.አ. በ2014 በ1 ቢሊዮን ዶላር ገደማ ገዝቶት፤ ዛሬ በገዢው ስም ይሠራል። ሥራው ስጦታ ማደል ብቻ ቢሆን ኖሮ ይህን ያህል ባላወጣ። ዕቃውን ለመለሰ ሰው ምራቂውም ይሰረዝበታል።

ባለካርዱም ቢሆን የሚያተርፈው ዕዳውን በወሩ ሙሉ በሙሉ ከከፈለ ነው። 1,000 ዶላር ገዝቶ ከመቶ 2 ቢመለስለት 20 ዶላር ያገኛል። ዕዳውን ግን ቢያሳድር፤ በዓመት ከመቶ 20 ወለድ በሚታሰብበት ካርድ ላይ የአንድ ወሩ ወለድ ብቻ ወደ 17 ዶላር ይጠጋል፤ በሁለተኛው ወር ምራቂው አልቆ ገዢው ከራሱ መክፈል ይጀምራል።