ኦክሲቶሲን፣ አይጦችና ኦቲዝም

ኦክሲቶሲን ሃይፖታላመስ በተባለው የአንጎል ክፍል የሚመረት ሆርሞን ነው። በምጥ ጊዜ ማሕፀን እንዲኮማተር፣ ጡት ሲጠባም ወተት እንዲወርድ ያደርጋል። «የፍቅር ሆርሞን» የሚለውን ቅጽል ያተረፈለት በአብዛኛው የእንስሳት ምርምር ሲሆን፣ ኦቲዝምን ያድናል የሚለው ወሬም በዚያው የተከተለ ነው። ወሬው ከማስረጃው ቀድሟል።

ፕሬሪ ቮል የምትባለው የሰሜን አሜሪካ የሜዳ አይጥ ከአንድ ተጓዳኝ ጋር ትኖራለች። በሴቷ አንጎል የኦክሲቶሲን ተቀባዮች በመድኃኒት ሲታገዱ ትስስሩ አልተፈጠረም። በ2023 የወጣ ጥናት ግን የተቀባዩ ጂን ከፅንስ ጀምሮ የተበላሸባቸውም ቮሎች ተጓዳኝ እንደሚይዙ አሳየ፤ ነገሩ እንደተባለው ቀላል አልነበረም።

ለኦቲዝም ይበልጥ የሚቀርበው በሰው ላይ ከኦቲዝም ጋር የተያያዘውን ሲኤንቲኤንኤፒ2 የተባለ ጂን ባጡ አይጦች ላይ የተሠራው ነው። እነዚህ አይጦች ከመሰሎቻቸው ጋር ብዙም አይቀራረቡም፤ ኦክሲቶሲን የሚያመነጩ ሕዋሶቻቸውም ጥቂት ናቸው። በ2015 በወጣው ጥናት ሆርሞኑ ሲሰጣቸው መቀራረባቸው ተሻሻለ። ገና በተወለዱ ሰሞን የወሰዱት ላይ ደግሞ ለውጡ ሰንብቷል።

በሰው ላይ ውጤቱ ሌላ ሆነ። በ2021 በታተመ ሙከራ ዕድሜያቸው ከ3 እስከ 17 የሆነ 290 ኦቲዝም ያለባቸው ልጆችና ወጣቶች ተሳትፈዋል። ለ24 ሳምንታት በአፍንጫ የሚነፋ ኦክሲቶሲን የወሰዱት፣ መድኃኒትነት የሌለው ፈሳሽ ከተሰጣቸው በማኅበራዊ ተግባቦት አልተሻሉም።

የአይጡ ሞዴል የሚነሣው ከአንድ ጂን ነው፤ የሰው ኦቲዝም ግን መንስኤው ብዙ ነው። በአፍንጫ የተነፋው ሆርሞን ምን ያህሉ አንጎል እንደሚደርስም እስካሁን ያከራክራል።